ባህላዊ ዘፈን ሳምፕል ማድረግ ነውር ነው ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «የሌላ አገር ባህላዊ ዘፈን ቆርጬ ቢቴ ውስጥ ባስገባ (ሳምፕል ባደርግ) ሌብነት ነው ወይ?» ብለሃል። መቁረጡ በራሱ ሌብነት አይመስለኝም። ሂፕሃፕ ያደገው ከድሮ ሸክላ ላይ እየቆረጠ ነው። ዋናው ጥያቄ የዘፋኙ ነገር ነው።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ የአፉናክዋ ታሪክ ነው። የሰለሞን ደሴቶች ሴት ናት። እሹሩሩ ስታዜም ሁጎ ዜምፕ የተባለ የሙዚቃ ተመራማሪ ቀዳት። እ.ኤ.አ. በ1992 ዲፕ ፎረስት የተባሉ ፈረንሳዮች ድምጿን ወስደው ዓለም የሚያውቀው ዘፈን ሠሩበት። ሂፕሃፕ አይደለም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። አልበሙ የሚያወራው ስለ መካከለኛው አፍሪካ ሰዎች ስለነበር ብዙ አድማጭ ድምጿን የነሱ አድርጎ ነው የሰማው። አስበው፣ ድምፅህ ዓለምን ሲዞር አገርህ እንኳ ሲጠፋ!

ሕግ ላይ ብዙ አትተማመን። አሜሪካዊው ራፐር ጄይ ዚ «ቢግ ፒምፒን» በተባለ ዘፈኑ ላይ የተጠቀመበት ዜማ የግብፃዊው የዜማ ደራሲ ባሊግ ሃምዲ ነው። የሃምዲ ዘመድ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ከሰሰ። በ2015 ፍርድ ቤቱ «የመክሰስ መብት የለህም» አለው። እኔን ግን የሚያመኝ ያ ዜማ ሴትን በሚያዋርድ ግጥም ሥር መግባቱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዘፈኑ ለምን እንደሚዘፈን እወቅ። የለቅሶ ወይም የጸሎት ከሆነ ተወው፣ እባክህ። ካልሆነ ዘፋኙን ወይም ቤተሰቡን ፈልግና አስፈቅድ። ስሙን ጻፍ፣ ከገቢውም አካፍል። ዘፈኑ የየት አገር እንደሆነ ብትነግረኝ አብሬህ እፈልጋለሁ።