«ደሙን ልያዝ ወይስ ሆርሞኑን?» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። አምስተኛ ዓመት ሜዲሲን እንደሆንሽ፣ ሪሰርች ውስጥ መግባት እንደምትፈልጊ፣ ደምም ሆርሞንም እንደምትወጂ ጽፈሻል። «አንዱን ካልመረጥሽ ሁለቱንም ታጪዋለሽ» ተብለሽ ግራ ገብቶሻል። እኔ በደም ሕክምና ሠልጥኜ ምርምሬ ሆርሞን ላይ ያረፈ ሰው ነኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እዚህ መንገድ ላይ ያስገባችኝ አንዲት ታካሚ ናት። ያኔ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነበርኩ። የገዛ ሰውነቷ ቀይ የደም ሴሎቿን እያፈረሰባት ፕሬድኒሶሎን ከጀመረች ሁለት ወር ሆኗታል። መድኃኒቱ ገና በደንብ አልያዘላትም። ስኳር አምጥቶባት እንዳይሆን ብዬ ኤዋንሲ የሚባለውን የስኳር የደም ምርመራ አዘዝኩ። 5.1 መጣ፤ መደበኛ ነው። ካርዷ ላይ «ስኳር የለም» ብዬ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ልጇ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። «ዶክተር፣ እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ስትጠጣና ሽንት ቤት ስትመላለስ ነው የምታድረው» አለችኝ። ወዲያው ጣቷን ወግቼ ለካሁ። 312! በጣም ከፍተኛ ስኳር።

ኤዋንሲ የሚነግረን ቀይ የደም ሴል ላይ ምን ያህል ስኳር እንደተጣበቀ ነው። ጤነኛ ሴል 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር የሁለት የሦስት ወር ታሪክ ይዞ ይመጣል። የእሷ ሴሎች ግን ቶሎ ቶሎ ይፈርሳሉ። ስኳሩ የሚጣበቅበት ጊዜ አላገኘም። ማሽኑ አልተሳሳተም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ለደሟ የሰጠናት መድኃኒት ራሱ ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ የሚሠራው ሆርሞን ዘመድ ነው። ደሙን ለማከም ሆርሞን ሰጠን፤ ሆርሞኑ ስኳር አመጣ፤ የደሙ በሽታ ደግሞ ስኳሩን ደበቀብን። ከዚያ ቀን ወዲህ «ደም ወይስ ሆርሞን» የሚለው ጥያቄ ለእኔ ትርጉም አጣ።

ይሄ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ለንደን፣ ጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ቶማስ አዲሰን በ1849 ምክንያቱ ያልታወቀ ገዳይ የደም ማነስ ሲያጠና ነው የአድሬናል ዕጢ በሽታ ላይ የደረሰው። በ1855 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው በሽታ ይሄ ነው። ቦስተን ደግሞ ጆርጅ ማይኖት ነበር። ይህ የደም ሐኪም በ1921 ራሱ ስኳር ያዘው። ኢንሱሊን እስኪመጣ ድረስ በጥብቅ ምግብ ተጨንቆ ቆየ፤ በ1923 ኢንሱሊን ጀመረ። በ1926 ከዊልያም መርፊ ጋር ሆኖ ያንኑ አዲሰን የገለጸውን የደም ማነስ በጉበት ምግብ ማዳን እንደሚቻል በ45 ታካሚዎች አሳየ። በ1934 ከጆርጅ ዊፕል ጋር ሦስቱም ኖቤል ተሸለሙ። ያቺ ኢንሱሊን ባትደርስለት ያን ሥራ አይጨርስም ነበር ብዬ አምናለሁ።

እኔ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ታላሴሚያ የሚባለው በዘር የሚወረስ የደም ማነስ ካለባቸው ልጆች ጋር ነው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ደም ይሰጣቸዋል። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ይገባል፤ ሰውነት በቀን የሚያስወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። የተረፈው ልብ፣ ጉበት፣ ቆሽትና አንጎል ሥር ያለው፣ ዕድገትንና ጉርምስናን የሚያዘው ፒቱታሪ ዕጢ ውስጥ ይከማቻል፤ ይጎዳቸዋልም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሆኖ የአሥራ ሦስት የሚመስል ልጅ አልረሳም። ድምፁ አልጎረነነም፤ ጢም የሚባል የለውም። «መቼ ነው የማድገው?» ሲለኝ ሂሞግሎቢኑን ብቻ እያየሁ ምን እመልስለታለሁ?

የሚከብደውንም ልንገርሽ። የምርምር ገንዘብ ስጠይቅ የደሙ ክፍል «ይሄ የሆርሞን ነው» አለኝ፤ የሆርሞኑ ክፍል «ይሄ የደም ነው» ብሎ መለሰኝ። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ። በጣም ተስፋ ቆርጬ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን፣ ማለት ስፔሻሊቲውንና ፌሎሺፑን፣ በአንዱ ያዢ። ቤት ያስፈልግሻል። ጥያቄሽን ግን ድንበሩ ላይ አድርጊው። ስታቲስቲክስም ከአሁኑ ተማሪ፣ እኔ ዘግይቼ ተምሬው ተቸግሬአለሁ።

አሁን ካለሽበት መጀመር ትችያለሽ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን ሊቀንስ ይችላል። የቢ12 እጥረት ደም ማነስ ያመጣል፤ እግርም ያደነዝዛል። ስኳርም እግር ያደነዝዛል። የስኳር ክትትል ክሊኒክ ስትገቢ «እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል» የሚሉትን እናቶችና አባቶች ሜትፎርሚን ከጀመሩ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ጠይቂያቸው። የቢ12 እጥረት ቀይ የደም ሴልን ሊያተልቅ ስለሚችል፣ የቀይ ሴሎቻቸው መጠን፣ ኤምሲቪ የሚባለው፣ ካርዳቸው ላይ ካለ እሱንም እይ፤ መደበኛ ቢሆንም ግን እጥረቱ የለም ማለት አይደለም። ከዚያ ጥያቄሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ላኪልኝ። መልእክት የማየው ማታ ነው፤ አንብቤ እመልስልሻለሁ።