መላጊያ የት ይደር? ለወጣት አናጺዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በቅርቡ በደብረ ብርሃን የእንጨት ሥራ ቤት የከፈተ አንድ ወጣት ጠርቶ ቤቱን ሲያሳየኝ፣ አምስት መላጊያዎች በአንድ ሣጥን ተደራርበው፣ የአንዱ ምላጭ በሌላው ብረት ላይ ተጋድሞ አየሁ። እኔም በእሱ ዕድሜ የባሰ ስላጠፋሁ ምንም አላልሁትም፤ ያን ዕለት የዋጥሁትን፣ ስለ መላጊያ መደርደሪያ ያለኝን ምክር ግን ለሁላችሁ እጽፋለሁ።

የበር ጣውላ ጠርዝ የማቀናበትን ረጅሙን መላጊያ፣ ጠረጴዛ እንዳያጣብብ ብዬ ከራሴ በላይ በሁለት ሚስማሮች ላይ አሳርፌው ነበር። ርዝመቱ 56 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱም ከ3 ኪሎ ይበልጣል። አንድ ቀን በአንድ እጄ ላወርደው ስል አመለጠኝና ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። መላጊያው የተሠራበት፣ ጊዛ የምንለው ብረት እንደ ሸክላ ነው፤ ሳይጎብጥ ይሰበራልና፣ ምላጩ ብቅ በሚልበት አፍ በኩል ተሰነጠቀ። ብየዳው ስንጥቁን ቢይዘውም ሙቀቱ የታችኛውን ገጽ አጣመመው፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ ጠርዝ አውጥቶልኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ከባዱን ከወገብ በላይ አላኖርም።

መደርደሪያውን ከመቁረጣችሁ በፊት መላጊያዎቻችሁን ሁሉ በትልቅ ካርቶን ላይ ደርድራችሁ ዙሪያቸውን በእርሳስ አስምሩ። ላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር አያሳስታችሁ፤ ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ ፋብሪካ ያወጣውና ሌሎች ፋብሪካዎች የተከተሉት የመጠን መለያ እንጂ ርዝመት አይደለም። ባለ 4 ቁጥሩ ማለስለሻ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ 5ቱ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 56 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ባለ 7ቱ ነው። ጀማሪ ሁልጊዜ የሚስተው ግን ርዝመቱን ሳይሆን የጣቱን ቦታ ነው፤ ለብረቱ ልክ ብቻ የተሠራ ክፍል መላጊያውን ያስገባል፣ እጃችሁን ግን አያስገባም። ስለዚህ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ ከፍታውንም ከኋላ እጀታው ጫፍ ለኩ።

እኔ የምመርጠው ወደ ግድግዳው ጋደል ያለ ሰሌዳ ነው፤ መላጊያው ግርጌው ካለው ደፍ ላይ ቆሞ በራሱ ክብደት ተደግፎ ያርፋል። ከመላጊያው የፊት ጫፍ ሥር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን እንጨት ብትመቱ፣ ምላጩ ሰሌዳውን ሳይነካ ይቀራል፤ ማታ ማታ ምላጭ እየሳቡ፣ ጠዋት ጠዋት እንደገና ከማስተካከልም ትድናላችሁ። በመላጊያዎቹ መካከል የሚቆሙትን መለያያዎች በኮላ አታጣብቁ፤ በብሎን እሰሯቸው፤ ሌላ መላጊያ መግዛታችሁ አይቀርምና።

አገራችን ደጋ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያደረበት ብረት፣ ጠዋት ቤቱ በሰው ትንፋሽና በሻይ ጀበና እንፋሎት ሲሞቅ ያልበዋል፤ ዝገቱም የሚጀምረው ከዚያ ላብ ነው። ሰሌዳውን ከውጭ ግድግዳ ጋር አታጋጥሙት፤ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉለት። ከጣርማ በር በታች፣ ቆላ በሆነው ሸዋ ሮቢት በሠራሁበት ዘመን ደግሞ ጠላቴ የራሴ የእጅ ላብ ነበር፤ ጣቴ ባረፈበት ሁሉ ቡናማ አሻራ ይቀር ነበር። ለሁለቱም የልብስ ስፌት መኪና ዘይት የነካ ጨርቅ ከመደርደሪያው አጠገብ ይሰቀል፤ ከሥራ በኋላ አንድ ጊዜ ማበስ ይበቃል።

ለመደርደሪያው ውድ እንጨት አያስፈልግም፤ በደንብ የደረቀ ጥድ ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት፤ ሲደርቅ ተጣሞ መለያያውን ይነቅላል፣ እርጥበቱም ብረቱን ያዝጋል። በርም አልወድም፤ ሰው ከፍቶ መውሰድ ይሰለቸዋልና መላጊያው ከጠረጴዛው ላይ ይከርማል። የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ግን መጋረጃ ጣሉበት።

ካርቶኑን ካሰመራችሁ በኋላ ግድግዳው ላይ ሰቅላችሁ አንድ ሳምንት ሥሩ። እኔ ይህን ሳላደርግ በአንድ እጅ ለምትያዘው ለትንሿ መላጊያ ከላይ በኩል ቆንጆ ክፍል ሠርቼላት ነበር፤ እሷ ግን ዘወትር የምትገኘው እንጨት ከምናስርበት ሞርሳ አጠገብ ነው። በመጨረሻ እዚያው ጎን ትንሽ ኪስ ሠራሁላት፤ የቀድሞ ክፍሏን አሁን እርሳስና ሜትር ይኖሩበታል።