አንዱን ግኝት አራት ዓመት ጻፍኩት

ልጆቼ፣ እኔ ወደ ኦዲት ሙያ የገባሁት ሰንጠረዥ በማስመሪያ በሚሰመርበት፣ ሰነድ በካርቦን ወረቀት በሚባዛበት ዘመን ነው። እናንተ በኮምፒውተር በአንድ ሰዓት የምታጣሩትን እኛ ሁለት ሳምንት እንቀመጥበት ነበር። መሣሪያው ተለውጧል፤ እኔ የሠራሁት ስሕተት ግን ዛሬም በወጣቶች ሪፖርት ላይ ያጋጥመኛል። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

በአንድ ፋብሪካ የውስጥ ኦዲት ኃላፊ ነበርኩ። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ከቆጠራ ኮሚቴው ጋር የመለዋወጫ መጋዘን እንገባለን። በየዓመቱ ቢን ካርዱ፣ ማለትም የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ፣ የሚለውና መደርደሪያው ላይ ያለው አይገጥምም። ኩሽኔታ ይጎድላል፤ ቺንጊያ ይጎድላል። እኔም «ዕቃዎች ያለ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ከመጋዘን ይወጣሉ» ብዬ እጽፋለሁ። መንስኤ፦ የግንዛቤ እጥረት። የማሻሻያ ሐሳብ፦ ሥልጠና ይሰጥ። ሥራ አመራሩ «ተቀብለነዋል፣ ይስተካከላል» ይላል። ሥልጠናው ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ሰኔ ያው ኩሽኔታ ይጎድላል። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። በአራተኛው ዓመት በእኔ ሪፖርት መነሻነት የመጋዘን ሠራተኛው ደመወዙን ተቀጣ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም በማኅደሩ ገባ።

ከዚያ በኋላ አንድ የሌሊት ፈረቃ መካኒክ ቢሮዬ መጣ። አልተቀመጠም። «እርስዎ የጻፉት ልክ ነው» አለኝ። «ግን ማሽኑ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲቆም ፈራሚዎቹ የት ናቸው?»

መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት አንድ ሌሊት ፋብሪካው ውስጥ አደርኩ። መመሪያው በሞዴል 20፣ በዕቃ መጠየቂያው ቅጽ፣ ላይ የጠያቂውና የክፍል ኃላፊው ፊርማ እንዲያርፍ፣ ከዚያም የመጋዘን ሠራተኛው ሞዴል 22 እንዲቆርጥ ያዝዛል። ኃላፊውም የመጋዘን ሠራተኛውም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ፋብሪካው ግን ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል። ማሽን ሲበላሽ ትርፉን ቁልፍ የያዘው ጥበቃ ይከፍታል፤ መካኒኩ የሚያስፈልገውን ያነሣና በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይተዋል። ወረቀቱ ጠዋት ይገኛል፣ ወይም አይገኝም። ስርቆት ኖሮ ቢሆን እንኳ ከዚህ ትርምስ የሚለይበት መንገድ አልነበረም። እኔ አራት ዓመት ሙሉ መጋዘኑን ያየሁት በቀን ብቻ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነበር። ቶሎ ቶሎ የሚያልቁ ጥቂት መለዋወጫዎች በሚቆለፍ ሣጥን ለፈረቃ መሪው ተሰጡት። የወሰደውን በመዝገብ ይፈርማል፤ ጠዋት የመጋዘን ሠራተኛው ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ሞዴል 22 ይቆርጣል፣ የጎደለውን ይተካል። የመጋዘኑ ትርፍ ቁልፍ በታሸገና በተፈረመበት ፖስታ ተቀመጠ፤ ፖስታው የተከፈተ እንደሆነ በማግስቱ ምክንያቱ ይጠየቃል።

ስለዚህ የኦዲት ፕሮግራም ስትነድፉ የአምናውን ፋይል ከፍታችሁ ቀኑን ብቻ አትለውጡ። አስቀድማችሁ አንድን ሥራ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በእግራችሁ ተከተሉት። አንድ ግዥ ምረጡ፤ ጥያቄው ከየት ተነሣ፣ ፕሮፎርማውን ማን ሰበሰበ፣ ዕቃውን ማን ተረክቦ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ቆረጠ፣ ቼኩን ማን አዘጋጀ፣ ማን ፈረመ? መመሪያው የሚለውን ሳይሆን ሰዎቹ የሚያደርጉትን ጻፉ። ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ስጋቱ አለ፤ የምርመራ ቀናችሁንም በብዛት እዚያ አውሉት። ለሁሉም ክፍል አምስት አምስት ቀን ማደል ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ ድርጅቱን አይጠብቅም።

«የግንዛቤ እጥረት» የሚለውን ሐረግ ከሪፖርታችሁ አውጡት። አጥብቄ የምለምናችሁ ይህን ነው። ግኝት ሲጻፍ ያለው ሁኔታ፣ መመዘኛው፣ መንስኤው፣ ያስከተለው ውጤትና የማሻሻያ ሐሳቡ እንዲካተቱ ሁላችሁም ተምራችኋል። ከእነዚህ ሁሉ በጥድፊያ የምናልፈው መንስኤውን ነው፤ ምክንያቱም እሱን ለማግኘት ሰው ማነጋገር፣ አንዳንዴም ሌሊት ማደር ይጠይቃል። ሠራተኛው ደንቡን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ወይስ እያወቀ ሊፈጽመው አልቻለም? ወይስ እየቻለ አልፈለገም? ለሦስቱ መድኃኒቱ የተለያየ ነው፤ ሥልጠና የሚረዳው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በእኛ ሙያ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ይዞ ሁሉን ሰው በሌባ ዓይን የሚያይ አለ። እኔ በዘመኔ ካየሁት ጥፋት አብዛኛው ሊፈጸም የማይችል ደንብ የወለደው ነው።

ግኝቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚከተለው ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ለማየት ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ። ባሪንግስ በ1762 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ባንክ ነበር። በሲንጋፖር ቅርንጫፉ ኒክ ሊሰን የተባለ ወጣት የግብይቱም የሒሳብ ማወራረዱም ኃላፊ ነበር፤ የሚገዛና የሚሸጠው እሱ፣ የገዛውንና የሸጠውን የሚያረጋግጠውም እሱ። ኪሳራውን ቁጥሩ 88888 በሆነ ሒሳብ ውስጥ ይደብቅ ነበር። የባንኩ የውስጥ ኦዲተሮች በ1994 እ.ኤ.አ. ቅርንጫፉን መርምረው ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ መሆናቸው አደገኛ ነው፣ ይለያዩ ብለው ጽፈዋል። ሪፖርቱ ተነበበ፤ ሥራዎቹ ግን አልተለዩም። በየካቲት 1995 እ.ኤ.አ. ባንኩ ወደቀ፤ ኪሳራው 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ የሆላንዱ አይኤንጂ በ1 ፓውንድ ገዛው። ያ ሪፖርት ኦዲተሮቹን ከወቀሳ አድኗቸው ይሆናል፤ ባንኩን ግን አላዳነም።

በትንሽ ድርጅት የምትሠሩ «አምስት ሠራተኛ ባለበት ሥራ እንዴት ይከፋፈላል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ሁሉንም መክፈል አይቻልም። ነገር ግን የባንክ መግለጫውን ባለቤቱ ራሱ፣ በሒሳብ ሠራተኛው እጅ ሳያልፍ፣ ከባንኩ ይቀበል። በወር አንድ ጊዜ ተቀምጦ ከቼክ ጉርዱ ጋር ያመሳክር። ገንዘብ ያዡም የዓመት ፈቃዱን በእርግጥ ይውጣ፤ ሥራውን ሌላ ሰው ይያዝለት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቶታል። ፈቃድ አልፈልግም እያለ ዓመታት የሚዘልቅ ገንዘብ ያዥ ብዙ ጊዜ ታታሪ ተብሎ ይሸለማል። ከመሸለማችሁ በፊት ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ሁለት ሳምንት ይቀመጥበት።

ካዝና በድንገት ስትቆጥሩ ደግሞ ገንዘብ ያዡ ራሱ ይቁጠር፣ እናንተ ተመልከቱ። ለደቂቃም ቢሆን ከገንዘቡ ጋር ብቻችሁን አትቅሩ፤ ቆጠራው ሲያልቅ እዚያው ተፈራረሙ። ይህ እሱንም እናንተንም ይጠብቃል።

የክትትሉን ቀን ከምርመራው ቀን ጋር አንድ ላይ በዓመቱ ዕቅድ አስገቡ። «ይስተካከላል» የሚል ምላሽ አትቀበሉ፤ ማን ያስተካክላል፣ እስከ መቼ፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እነዚህ ከተጻፉ በኋላ በተባለው ቀን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ግኝቱ ሲደገም እንደ አዲስ አትጻፉት፤ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ገልጻችሁ ለቦርዱ አቅርቡት፤ አምና ያቀረባችሁት ሐሳብ ለምን እንዳልሠራም አብራችሁ አስረዱ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ እኔም የክትትል መዝገቤ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። የመጋዘን ሠራተኛው ቅጣት ከእኔ የተሳሳተ መንስኤ የመጣ መሆኑን ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አመለከትኩ። የተቆረጠበት ደመወዝ በሁለተኛው ወር ተመለሰለት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከማኅደሩ እስኪወጣ ግን ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ፤ እኔም እስከዚያ ድረስ በየሩብ ዓመቱ ማኅደሩን እያስወጣሁ አየሁ።