ማይክሮባዮሎጂ የከበዳት የነርሲንግ ተማሪ

አንዲት የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ሜዲካል ማይክሮባዮሎጂ ሲ አመጣሁ። የባክቴሪያ ስም ይምታታብኛል። ዋርድ ስንወጣ ግን ኢንፌክሽን መከላከል ይስበኛል። ወደ ላቦራቶሪ ልቀይር?»

እህቴ፣ አትቀይሪ። ላቦራቶሪው ጀርሙን ለይቶ ይነግርሻል። ከአልጋ አልጋ እንዳይዛመት የሚያደርገው በዋናነት ነርሱ ነው።

ሲዋ ብዙም አታሳስበኝም፤ አጠናንሽ ግን ያሳስበኛል። ስም ብቻ ከሸመደድሽ መምታታቱ አይቀርም። ስለ እያንዳንዱ ጀርም ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የት ይኖራል? በምን ይተላለፋል? በምን ይሞታል? ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲልን (በቀድሞ ስሙ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል) እንይ። አብዛኛውን ጊዜ ተቅማጥ የሚያመጣው አንቲባዮቲክ በወሰደ ታካሚ ላይ ነው። ስፖር የሚባል፣ በቀላሉ የማይሞት ጠንካራ ቅርጽ ይሠራል፤ ስፖሩን ደግሞ የእጅ አልኮል አይገድለውም። ስለዚህ ጓንት ታደርጊያለሽ። ስታወልቂው እጅሽን በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ትታጠቢያለሽ። አልጋውና ወለሉ በክሎሪን (በረኪና) ይጸዳል። ቲቢ ግን በአየር ነው የሚተላለፈው። እዚያ የሚያድንሽ የተከፈተ መስኮት፣ ላንቺ ኤን95 የሚባለው አየር አጣሪ ማስክ፣ ለታካሚው ሰርጂካል ማስክ ነው። እንዲህ ስታጠኚ ስሙ ከሥራው ጋር ይያዝልሻል።

ስሌትም አትናቂ። 5% በረኪና ወደ 0.5% ለማውረድ 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር ነው የሚቀላቀለው። አሥር እጅ ውሃ የሚጨምር ሞልቷል! ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ግን መጀመሪያ አንብቢ፤ ሁሉም በረኪና 5% አይደለም።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ገና እንደተመረቅሽ «የኢንፌክሽን መከላከል ነርስ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። በነርስነት ትቀጠሪያለሽ። ከተቻለ ቀዶ ሕክምና፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወይም አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ምረጪ። የሆስፒታሉን የአይፒሲ (ኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር) ተጠሪ ፈልገሽ «ላግዝዎት» በይ። የእጅ ንጽህና ክትትል ላይ ብትሳተፊ ጥሩ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣቸውን 5 የእጅ ንጽህና ጊዜዎች ይዘሽ ማን ታጠበ፣ ማን ዘለለ ትመዘግቢያለሽ። ባልደረባሽ ቅር ሊለው ይችላል፣ ስም አትጻፊ። ኢንተርቪው ላይ «በዚህ ክፍል ይህን አየን፣ ይህን ለወጥን» ማለት ከሲዋ በላይ ይናገራል።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጨምር። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰድሽ አሁኑኑ ጀምሪ፤ ሦስት ዙር ስለሆነ ወራት ይፈጃል። የተጠቀምሽበትን መርፌ መልሰሽ አትክደኚ፣ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ (የስለታም ነገር መጣያ ሳጥን) ውስጥ ጣይው። ከወጋሽ ቦታውን በሳሙናና በውሃ ታጠቢና ያኔውኑ ለኃላፊሽ ንገሪ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት። «ተማሪ ነኝ፣ ይቆጡኛል» ብለሽ እንዳትደብቂ።