የሞሪስ ማይነር ትራቨለር እንጨት ሲበሰብስ

ጥያቄ፦ በ1967 እ.ኤ.አ. የተሠራች ሞሪስ ማይነር ትራቨለር የተባለች መኪና ገዝቻለሁ። ከኋላ ጎማ በላይ ያለው እንጨቷ ጠቁሯል፤ በኋላ በር ጥግ ያለው ምሰሶ የታችኛው ጫፍ ደግሞ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። አንድ የጋራዥ ባለሙያ እንጨቱ ጌጥ ስለሆነ ስቱኮ ሞልቶ ቫርኒሽ መቀባት በቂ ነው ብሎኛል። ምክሩን ልቀበል ወይስ እንጨቱ በሙሉ መቀየር አለበት?
አንባቢ፣ ከበርሚንግሃም፣ እንግሊዝ

መልስ፦ ምክሩን አይቀበሉ። ባለሙያው የተሳሳተው እንጨት መሰል ፕላስቲክ የተለጠፈባቸውን የአሜሪካ የቤተሰብ መኪኖች እያሰበ ሊሆን ይችላል። ከ1953 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. በተመረተችው ትራቨለር ግን ከፊት በሮች ወደ ኋላ ያለውን ቦዲ የተሸከመው አሽ ከተባለው ዛፍ የተሠራው የእንጨት አጽም ነው፤ በመካከሉ የሚታየው የአሉሚኒየም ላሚዬራ መሙያ ብቻ ሲሆን ጣሪያውም ያረፈው በዚሁ እንጨት ላይ ነው። በብሪታንያ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና በመሠረቱ ያልተለወጡ መኪኖች ከዓመታዊ ምርመራ ነጻ ቢሆኑም፣ መኪናውን ለመንገድ ብቁ አድርጎ የመያዝ ግዴታ በባለቤቱ ላይ ይቆያል። ስቱኮ ደግሞ ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ጭነት አይሸከምም፤ ከሥሩ የቀረው ብስባሽም መስፋፋቱን ይቀጥላል።

የጠቆረ ሁሉ ግን የበሰበሰ አይደለም። ወስፌ ይያዙና ከውስጥም ከውጭም፣ በተለይም በመጋጠሚያዎች፣ በታችኛው አግዳሚና በተንሸራታቹ መስኮት ሥር እየጫኑ ይፈትሹ። እንጨቱ ወስፌውን ከተቋቋመ ያለብዎት ውሃ ከቫርኒሹ ሥር ገብቶ የተወው እድፍ ነው፤ ፍቀውና አድርቀው በኦክሳሊክ አሲድ ሊያነጡት ይችላሉ፤ አሲዱ መርዛማ ስለሆነ ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ። ወስፌው ከሰመጠ ግን ጤናማ እንጨት እስኪያገኙ ድረስ ወደ ላይና ወደ ጎን ይከተሉት፤ ብስባሹ ብዙ ጊዜ ከውጭ ከሚታየው ይረዝማል። አሽ ጠንካራና ተለማጭ ስለሆነ ለመኪና አካል ተመራጭ ቢሆንም እርጥበትን የሚቋቋም እንጨት አይደለም። ዋናው የውሃ መግቢያም የመስኮቶቹ ተንሸራታች ሐዲድ ነው፤ የዛፍ ሽበት የበቀለበት የትራቨለር መስኮት በእንግሊዝ የተለመደ ቀልድ ነው። የሐዲዱን የውሃ መውጫዎች ሳያጸዱ አዲስ እንጨት መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

ብስባሹ በምሰሶው ጫፍ ብቻ ከተወሰነ፣ ከጤናማው ክፍል ጥቂት ጨምረው በመቁረጥ አዲስ የአሽ ቁራጭ በሰያፍ መጋጠሚያ ይቀጥሉ። የሰያፉ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ያህል ይሁን፤ ማጣበቂያውም ውሃ የማይፈታው ኢፖክሲ ይሁን፤ ጫፍ ለጫፍ የተገጠመ እንጨት አይጸናም። ብስባሹ ወደ ታችኛው አግዳሚና ወደ ጎማው ቅስት ተሻግሮ ከሆነ ግን መቀጣጠሉን ትተው ሙሉውን የጎን አጽም መቀየር ይሻላል። በብሪታንያ ተገጣጥሞ የሚሸጥ አጽም ስለሚገኝ እያንዳንዱን ቁራጭ ከማሠራት ብዙ ድካም ይቀንስልዎታል።

ከመፍታትዎ በፊት የወለሉን ብረት ይመርምሩ፤ አዲሱ አጽም የሚያርፈው በዚያ ላይ ስለሆነ ዝገቱ መበየድ ያለበት አስቀድሞ ነው። ከዚያ መኪናዋን በደልዳላ ቦታ በጎማዎቿ አቁመው ጣሪያውን ከውስጥ ይደግፉ፤ የኋላ በሩን ክፍተት ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ለክተው ይመዝግቡ። ሁለቱን ጎኖች በአንድ ጊዜ አይፍቱ፤ ያልተነካው ጎን ለሌላው መለኪያ ይሆናል። የበሰበሱትን ቁርጥራጮችም ሥራው እስኪያልቅ አይጣሉ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቦታ የሚነግሩዎት እነሱ ናቸው።

አዲሱ እንጨት ከመገጠሙ በፊት የማይታዩ ገጾቹና በተለይ የተቆረጡ ጫፎቹ የብስባሽ መከላከያ ጠጥተው ይድረቁ። ብሎኖቹ የማይዝግ ብረት ይሁኑ፤ የላሚዬራው ጠርዝ ሁሉ በማሸጊያ ማስቲካ ይታሸግ። ለውጭው ገጽ እርጥበት የሚያስወጣ ቀለም አልባ ቅብ እመርጣለሁ፤ ድርቅ ያለው ቫርኒሽ መኪናዋ ስትንቀሳቀስ በመጋጠሚያዎች ላይ ይሰነጠቅና የገባውን ውሃ ይዞ ያስቀራል። ቅቡን በየዓመቱ ከክረምት በፊት ያድሱ፤ መኪናዋንም አየር በማያሳልፍ ሸራ ሸፍነው አያቁሟት።