ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ያለቀው ጉዟችን

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

የምኖረው በደብረ ማርቆስ ከተማ ሲሆን ትዳር ከመሠረትኩ 11 ዓመት የሞላኝ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ገና ከተጫጨንበት ጊዜ ጀምሮ «አንድ ቀን ጎጃምን ዙሪያውን አሳይሻለሁ» ይለኝ ነበር። እኔም እዚሁ ተወልጄ አድጌ ጣናንም ሆነ ጢስ ዓባይን ከፎቶግራፍ በቀር ሳላያቸው ስለ ኖርኩ ያን ቀን በናፍቆት ስጠብቅ ቆይቻለሁ። ባለፈው ጥቅምት ልጆቹን እናቴ ዘንድ ትተን፣ የወንድሙን ፒካፕ ተውሰን ለስድስት ቀን ወጣን። ያሰብነው በቡሬና በእንጅባራ አድርገን ባሕር ዳር ልንገባ፣ ሐይቁ ዳር ሁለት ሌሊት ልናድር፣ በጀልባ ዘጌ ደርሰን ልንመለስ፣ ጢስ ዓባይን ልናይ፣ ከዚያም በአዴትና በሞጣ ዞረን በጮቄ ተራራ በኩል ወደ ቤታችን ልንመለስ ነበር።

ገና በመጀመሪያው ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ «ለአንድ ስኒ ቡና» ብለን አክስቱ ቤት ገባን፤ ዶሮ ታረደና አደርን። በማግሥቱ እንጅባራ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ዘንገና ሐይቅ ላይ ቆምን። ደን የከበበውን ያን ክብ ውኃ ከላይ ሆኜ አይቼ ሳልጠግብ፣ አጎቱ ምሳ አስቀርበው እየጠበቁ ነው ተባለና ተነሣን። ባሕር ዳር ስንደርስ አስቀድመን የያዝነውን የሐይቅ ዳር ክፍል ሰርዞ እኅቱ ቤት አሳደረኝ። «እኅቴ እዚህ እያለች ሆቴል አድሬ በምን ፊቴ አያታለሁ?» አለ። ዘጌም የሄድነው ከእኅቱ ልጆችና ከጎረቤቶቿ ጋር ስምንት ሆነን ነው። ወደ ጢስ ዓባይ በሄድንበት ቀን ደግሞ ቡናው በረካ እስኪደርስ ተቀምጠን ስለ ቆየን፣ ከቦታው ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ውኃው ሙሉ ነበር፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ ጭሱም ይታያል። እኔ ግን ከማዶ ቆሜ ለጥቂት ደቂቃ ካየሁ በኋላ «ይመሽብናል፣ እራት ይጠብቁናል» ተብዬ ተመለስኩ።

በስድስተኛው ቀን ጮቄ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችንን ሆንን። መኪናውን አቁመን ሳለ ስልኩ ጠራና ማታ ስንገባ የትኛው ዘመድ ዘንድ ራት እንደምንበላ መነጋገር ጀመረ። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀና «ይህን መንገድ የወጣነው ለእኔ ነው ወይስ ለዘመዶችህ?» አልኩት። እርሱም «በዘመድ ደጅ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው እንድሆንልሽ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። ወርጄ ጉሙ ውስጥ ቆምኩ። አጠገቤ ከቁመቴ የሚበልጥ የጅብራ ተክል ነበረ፤ በቅጠሎቹ መካከል የተጠራቀመውን ውኃ እያየሁ አለቀስኩ። ጥቂት ቆይቶ ሳይናገር መጣና ጋቢውን አልብሶኝ ወደ መኪናው ተመለሰ። እስከ ቤታችን አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ ከዚያ ወዲህም ስለ ጉዞው አንሥተን አናውቅም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ዘመዶቹ አንዳች ክፉ አለማድረጋቸው ነው። አክስቱ በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው እግሬን አጥበውኛል። አሁን ባለቤቴ «ለመስከረም እንደገና እንውጣ» ይለኛል። እምቢ ልበለው? ወይስ የተሰማኝ ሁሉ ጥጋብ ነው?

አንባቢዎ ከደብረ ማርቆስ

መልስ

ውድ እኅቴ፣

የተሰማሽ ጥጋብ አይደለም። 11 ዓመት የተጠበቀ ቃል ሲፈጸም ማየት የፈለግሽው ውኃውንና ተራራውን ብቻ ሳይሆን፣ ልጅ ሳያቋርጣችሁና እንግዳ ሳይመጣባችሁ ባልሽ አጠገብሽ ሆኖ ያንኑ ሲያይ ጭምር ነው። ይህን መፈለግ ዘመድን መጥላት አይደለም፤ አንቺም ዘመዶቹን እንዳልጠላሽ ስለ እግር እጥበቱ የጻፍሽው ብቻውን ይመሰክራል።

የባለቤትሽንም ነገር በቀላሉ ላልፈው አልችልም። በእኛ አገር ሰው በአክስቱ ደጅ መኪና ነድቶ ሲያልፍ ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል፤ «ሰው ሆነና ረሳን» ይባላል። ይህን ፍርሃት የማያውቅ ጎጃሜ ያለ አይመስለኝም። ደግሞም ሚስቱን ይዞ በየቤቱ መግባቱ ለእርሱ አንቺን ማክበሩ ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ለዘመዶቹ ያለበትን ዕዳ የከፈለው ለአንቺ ከሰጠው ቀን ላይ ነው። ስህተቱ ይህ ነው፤ ይህን መልስ አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ለአንቺ ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ጮቄ ድረስ ቅሬታሽን የተናገርሽበት ቦታ አላገኘሁም። የሐይቅ ዳሩ ክፍል ሲሰረዝ ዝም አልሽ፤ ከፏፏቴው ሲያስመልሱሽም ዝም አልሽ። እርሱ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ የስድስቱ ቀን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ሲወርድበት ደንግጦ የመለሰልሽ መልስ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጋቢውን አምጥቶ አልብሶሻል። ቃል አጥቶ ይሆናል እንጂ እንዳዘንሽ ገብቶታል። ስለዚህ ስትነጋገሩ «ዘመዶችህ» ብለሽ አትጀምሪ። ከዘንገና ጀምሪ፤ ምን ያህል ልትቀመጪ ፈልገሽ እንደ ነበር፣ ምን እንደ ጎደለብሽ ንገሪው።

እምቢ አትበዪው፤ ሁለቱን ጉዞ ግን ለዩአቸው። የዘመድ ጥየቃው ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ከነልጆቻችሁ ይሁን፤ ልጆቹን ያላዩ ዘመዶችም ይደሰታሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ባለቤትሽ ራሱ ለየአንዳንዳቸው ደውሎ «ለባለቤቴ ቃል ስለ ገባሁ በዚህ ጉዞ አንገባም፤ ለጥምቀት ከነልጆቻችን እንመጣለን» ይበል። ደዋዩ እርሱ መሆን አለበት። ቃሉ ከአንቺ አፍ ከወጣ «ሚስቱ ከለከለችው» ተብሎ ለዓመታት ሲወራብሽ ይኖራል፤ ከእርሱ ከመጣ ግን የቤቱን ቃል የሚያከብር ሰው ይባላል።

መንገዱን ደግሞ ገልብጡት። ባለፈው ጮቄ የመጨረሻ ስለ ሆነ ድካምና ቂም ይዛችሁ ደረሳችሁበት፤ አሁን በእርሱ ጀምሩ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋልና ወፍራም ልብስ ያዙ፤ ጉም ሳይወርድባችሁም በጠዋት ድረሱ። መስከረም ላይ ጭቃው ስለማይደርቅ ለእናንተ የሚሻለው የጥቅምት መጀመሪያ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በየደረሳችሁበት የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትለፉ።

ባሕር ዳር ስትደርሱ ለጢስ ዓባይ ሙሉ ግማሽ ቀን ስጡት፤ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና በማለዳ ውጡ። ከውኃው የተወሰነው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው በበጋ ይሳሳል፤ ክረምቱ በወጣ ሰሞን ግን ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ላይ ሰፍቶ ሲወርድ ታገኙታላችሁ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ በእግራችሁ ተሻግራችሁ፣ ፊት ለፊቱ ካለው ሣር ላይ ተቀመጡ። ጠብታው ልብሳችሁን እስኪያረጥብ ድረስ አትነሡ።

ለዘጌ ጀልባውን ለሁለታችሁ ብቻ ተከራዩ። ከጀልባው ከወረዳችሁበት እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡና ደን ውስጥ የሚያልፈው የእግር መንገድ ለጨዋታ የተመቸ ነው። ክብራን ገብርኤልን የመሰሉ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ስላሉ ጀልበኛውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እርሱ ሲሳለም አንቺ ዳር ላይ ቀርተሽ ሌላ የመለያየት ሰዓት እንዳይጨመርባችሁ ብዬ ነው።

ስትመለሱ በዳንግላና በእንጅባራ አድርጉ። ዘንገና ላይ ስንቃችሁን ፍቱ፤ የሚያስቸኩላችሁ ሰው አይኖርም። ከቲሊሊ ተገንጥላችሁ ሰከላ ብትገቡ ግሽ ዓባይን ታያላችሁ፤ ግልገል ዓባይ ከዚያች ትንሽ ምንጭ ተነሥቶ ጣና ይገባል፣ ከጣናም የሚወጣው ዓባይ ያ ያስቸኮሉሽ ፏፏቴ ይሆናል። ፏፏቴውን አስቀድሞ አይቶ ምንጩ ዳር መቆም የተለየ ነገር አለው፤ እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ስላየሁት ለእናንተም ተመኘሁት።

አክስቱን ግን ከሌሎቹ ለይቼ አያቸዋለሁ። በመጨረሻው ቀን ፍኖተ ሰላም የምትደርሱት ያሰባችሁትን ሁሉ አይታችሁ ነውና፣ ከዘጌ የገዛሽውን ቡና ይዘሽ እርሳቸው ቤት ግቡ። ዶሮ እናርዳለን ካሉም ይታረድ፤ ያን ጊዜ የሚያስቸኩላችሁ ነገር አይኖርም።