«ይመታል» ማለት ምን ማለት ነው?

ልጆቼ፣ ጎንደር ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ንባብ የማውቀውን ዋናውን ነገር የተማርኩት ግን አስተማሪ ከመሆኔ በፊት ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ።

ያኔ ለሠፈራችን ሴቶች ደብዳቤ የማነበው እኔ ነበርኩ። አንዲት ጎረቤታችን ልጇን አዲስ አበባ ወንድሟ ዘንድ ለትምህርት ልካው ነበር። አንድ ቀን ደብዳቤ መጣላት። «ልጅሽ ትምህርቱን በደንብ ይዟል። ብቻ ከልጆች ጋር ሲጣላ ይመታል» ይላል። እኔ «ይመታል»ን አላልቼ፣ ድምፁን ሳልጫነው፣ አነበብኩት። መቺው እሱ ሆነ። ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። «ባለጌ ነው እንዴ ያሳደግሁት?» አለች።

አያቴ ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ነበሩ። በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይሰሙናል። «ቀጥል እስቲ» አሉኝ። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር «ስለዚህ ጠዋትና ማታ እኔው ራሴ እየሸኘሁት ነው» የሚል ነበር። «አሁን ተመለስና አንብበው» አሉኝ። ተመለስኩ፤ አጠበቅሁት። ልጁ መቺ ሳይሆን ተመቺ ነበር። ሴትየዋ ከእፍረቷ ወጥታ ለቅሶ ጀመረች። ያ ፊቷ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ፊደላችን ብዙ ድምፅ ይለያል፤ ማጥበቅና ማላላትን ግን አያሳይም። «ገና» በዓሉም ነው፣ «እስካሁን» ማለትም ነው። «ዋና» ውኃ ውስጥ ነው፣ ዋነኛውም ነው። «አለ» «ተናገረ»ም፣ «ይገኛል»ም ይሆናል። የሚፈርደው ከፊቱና ከኋላው ያለው ቃል ነው። አማርኛ የሚያነብ ሰው ሳይታወቀው ዐውድ ሲያነብ ይውላል። ስለዚህ ዐውድ ስላችሁ የሩቅ ነገር አታድርጉት።

አስተማሪ ስሆን ግን ይህን ረሳሁት። ለብዙ ዓመታት ዘይቤን በዝርዝር አስሸመደድኩ። «እንደ» ካለ አነጻጻሪ፣ ግዑዙ የሰው ጠባይ ከያዘ ሰውኛ፣ ከተጋነነ ግነት። ተማሪዎቼ ፈተና ያልፋሉ፤ ያነበቡት ግን አይገባቸውም። አሁንም ድረስ ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «የሰውዬው ቁጣ እንደ ግንቦት ነጎድጓድ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አነጻጻሪ!» አለ። «ለምን ግንቦት ሆነ? ለምን ሐምሌ አልሆነም?» አልኳቸው። ዝም። ቆይቶ ከደንቢያ የመጣ የገበሬ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ግንቦት ላይ ያጉረመርማል እንጂ ብዙም አይዘንብም። አባቴ ቀና ብሎ ያይና ወደ ሥራው ይመለሳል» አለ። ሰውዬው ዛቻ ብቻ ነው ማለት ነው። ያ ልጅ የዘይቤውን ስም አልጠራም። ዓረፍተ ነገሩን ያነበበው ግን እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ዘይቤው ምን ይባላል?» ከማለቴ በፊት «ለምን ይኼኛው ተመረጠ?» እላለሁ። እናንተም እንዲህ ጠይቁ።

ለክፍል ብዬ የገጠምኳትን ሁለት መስመር ላሳያችሁ።

ጣናን አቋርጦ ሲመጣ አይቼ፣
አባይ መሆኑን ለየሁ ቆይቼ።

ሰሙ ወንዙ ነው፤ ጣና ገብቶ ይወጣል። ወርቁስ? «አባይ» ሲላላ ውሸታም ነው፤ «አባይ ሚዛን» እንደምንለው። ፍንጩ «ቆይቼ» ላይ ተቀምጧል። ወንዝ ለመለየት ማን ይቆያል? ሰውን ለማወቅ ግን ጊዜ ይፈጃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ፍንጭ ሳታገኙ ወርቅ አትፈልጉ። ሰም ብቻ የሆነ ጽሑፍም ሞልቷል፤ እሱንም እንዳለ ማንበብ ክብር ነው።

የጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን፣ የላይ ቤትም የታች ቤትም የሚባሉት የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሰዎች፣ «አንድም» እያሉ በአንድ ንባብ ላይ ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ። እንደ ልባቸው ግን አይደለም፤ ንባቡንና ታሪኩን ይዘው ነው። እኔ ስልክ ላይ ስታነቡ የምመኝላችሁ ይህንኑ ነው።

በቅርቡ ፒያሳ ቡና ስጠጣ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ያለውን ይዩ» አለኝ፤ ተናዷል። ከአንድ ረጅም ጽሑፍ የተቆረጠ ስክሪንሾት ነው። ለጓደኞቹ ቴሌግራም ላይ ለጥፎታል። «ከላዩ ያለውን አሳየኝ» አልኩት። የለውም። አብረን ፈልገን ሙሉውን አገኘነው። ከተቆረጠው መስመር በፊት «እንዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም» ይላል። ልጁ ስልኩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የለጠፈውን አጠፋና በቦታው ሙሉውን ላከላቸው።